የሚጣለው ሳይጣል፥ የሚታጠበው ሳይታጠብ

ሰው ያለ ምግብ ብዙ ቀን፥ ያለ ውኃም ጥቂት ቀን ሊቈይ ይችላል፤ ያለ አየር ግን ጥቂት ደቂቃ እንኳ መቈየት አይሆንለትም። ይህን የማያውቅ የለም። ነገር ግን በየቀኑ የምንሳፈርበት መኪና እንደ ሰው አየር የሚስብ፥ እንደ ሰውም በአቧራ የሚታመም መሆኑን ከነጂዎችና ከመካኒኮች በቀር ልብ ብሎ የሚያስበው ብዙ አይደለም። ነዳጅ ሲወደድ ሁላችንም እናወራለን፤ ጎማ ሲጠፋ ሁላችንም እንሰማለን። በሞተሩ አፍ ላይ ተቀምጦ አቧራውን ከአየሩ ለይቶ የሚያስቀረው የአየር ማጣሪያ ግን ስሙም አይነሣም።

እኛ ዛሬ ስለዚህ ትንሽ ዕቃ ለመነጋገር ወደናል። ዕቃው ትንሽ ቢሆንም የሚጠብቀው ንብረት ትልቅ ነው። ይልቁንም ባለፉት ጥቂት ዓመታት ነገሩ ከመካኒክ ጉዳይነት አልፎ የኑሮ ጉዳይ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ አስቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣውም መለዋወጫ ይህንኑ ተከትሎ ተወደደ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፥ በጥር ወር 2016 ዓ.ም.፥ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተገልጾ ነበር። እንግዲህ አሮጌውን ሸጦ አዲስ መግዛት እንደ ቀድሞው ቀላል ስላልሆነ፥ በእጅ ያለውን ሞተር ማቈየት የእያንዳንዱ ባለ ንብረት ሐሳብ ሆኗል ማለት ነው።

ከዚህም የተነሣ አንድ ጥያቄ በየጋራዡ ይሰማል። ጥያቄውም «በየጊዜው የወረቀት ማጣሪያ እየገዙ ከመጣል አንድ ጊዜ ውድ ዋጋ ከፍሎ የሚታጠበውን መግዛት አይሻልምን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን መኪናው በሚሄድበት መንገድና መኪናውን በሚይዘው ሰው የሚለዋወጥ ስለ ሆነ፥ እኛ ነገሩን በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ ላይ አድርገን ልንመረምረው መርጠናል።

ደጋው፥ መንገዱና አቧራው

የደቡብ ጎንደር ዞን ርእሰ ከተማ ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር በሚያኽል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከእርስዋ ወዲያ ከ4,100 ሜትር በላይ የሚነሣው የጉና ተራራ አለ። ጉና በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የነበረ ነው፤ በአካባቢው በየመንገዱ የሚነጠፈውም ጠጠር ከዚህ ዓይነቱ የእሳተ ገሞራ ዐለት የሚፈለጥ ነው። ከጣና ዳር ከፎገራ ሜዳ፥ ከወረታ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መኪና በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ጕዞ ውስጥ 900 ሜትር ያኽል ሽቅብ ይወጣል። ጭነት የያዘ ሞተር በዚህ ዳገት ላይ ሙሉ ትንፋሹን አውጥቶ ነው የሚሠራው።

ከወረታ በደብረ ታቦርና በጋይንት በኩል አልፎ ወልድያ የሚደርሰው መንገድ በቻይና መንግሥት ርዳታ የተሠራ በመሆኑ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» ብሎ ሰይሞታል። ይህ መንገድ ለብዙ ዘመን ጠጠር ሆኖ ቈይቶ ኋላ አስፋልት ለብሷል። ነገር ግን አስፋልት የለበሰው ግንዱ ነው፤ ቅርንጫፎቹ ብዙዎቹ ዛሬም ጠጠርና አፈር ናቸው። የገጠር ቀበሌዎችን ከዋናው መንገድ ጋር ለማገናኘት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በመላው አገሪቱ በተያዘው ፕሮግራም ቀድሞ በቅሎ ብቻ ይሄድበት ወደነበረው አገር ዛሬ አይሱዙ ይገባል፤ ባጃጅም ይገባል። ይህ ታላቅ በጎ ነገር ነው። ድንቹና ገብሱ ለገበያ፥ ማዳበሪያው ለገበሬው፥ የምትወልደውም እናት ለሐኪም ትደርሳለች። ዳሩ ግን መንገዱ መኪናውን ወደ ገጠር ሲያስገባ፥ አቧራውንም ወደ መኪናው አስገብቷል።

በሐምሌና በነሐሴ ጕልበት የሚያሲዝ ጭቃ የነበረው መንገድ በጥርና በየካቲት ዱቄት ይሆናል። ከፊት የሚሄደው መኪና ያስነሣውን ከኋላ የሚከተለው ይተነፍሰዋል። በወረታ ደግሞ የሩዝ መፈልፈያ ቤቶች አሉ፤ የሩዝ ገለፈት በውስጡ ብዙ ሲሊካ ያለበት ስለ ሆነ፥ ብናኙ እንደ መስተዋት ድቃቂ ሻካራ ነው። ሩዝ ሊጭን በደጃፉ ቆሞ ሞተሩን ያላጠፋ መኪና ይህንኑ ይስባል።

ሞተር እንዴት እንደሚተነፍስ

አንድ ሊትር ቤንዚን በሚገባ እንዲነድ 11 ኪሎ ግራም ያኽል አየር ያስፈልገዋል። ይህ አየር በባሕር ጠረፍ ሲሰፈር 9 ሺህ ሊትር ገደማ ነው። በደብረ ታቦር ግን አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ ያንኑ 11 ኪሎ ለማግኘት ሞተሩ 12 ሺህ ሊትር ያኽል መሳብ አለበት። እንግዲህ በቀን 10 ሊትር ቤንዚን የሚጨርስ መኪና በዚያው ቀን 120 ሺህ ሊትር አየር ያስገባል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ለነዳጁ ከሚበቃው በላይ አየር የሚስብ ስለ ሆነ የእርሱ ከዚህም ይበልጣል።

ከዚህ ላይ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንወዳለን። የደጋ ሞተር ለአንድ ሊትር ነዳጅ ከቈላው ሞተር አንድ ሦስተኛ ያኽል የበለጠ አየር በስፍር ይስባል። በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ያለው አቧራ እኩል ቢሆን፥ የደጋው ሞተር በዚያው ልክ የበለጠ አቧራ ይጐበኘዋል። ስለዚህ ለሌላ አገር የተጻፈ «ይህን ያኽል ኪሎ ሜትር ሲሄድ ይለወጥ» የሚል መመሪያ እንዳለ ተወስዶ ለጉና ሥር መንገድ አይሠራም።

ሞተሩን እጅግ የሚጐዳው ዓይን የሚያየው ትልቁ አቧራ አይደለም። ከሰው ጠጕር ውፍረት አምስት እጅና ዐሥር እጅ የሚያንሰው ድቃቂ ነው የሚጐዳው። ይህ ድቃቂ በፒስተኑ ፋሻና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ገብቶ ከዘይቱ ጋር ይለወሳል። ከዚያም እንደ ሞረድ ሆኖ ቀስ በቀስ ብረቱን ይበላዋል። ፋሻው ሲሳሳ ጕልበቱ ያመልጣል፤ ዘይቱ ወደ ማንደጃው ይወጣል፤ መኪናው ጭስ ይተፋል፤ ዘይትም ይጠጣል። በመጨረሻ «ሞተር ይውረድ» ይባላል። ይህ ቃል ለአንድ አይሱዙ ባለቤት ምን ያኽል የሚያስደነግጥ መሆኑን የሚያውቀው በብድር መኪና የገዛ ሰው ነው። መኪናው በጋራዥ ቢቆምም ዕዳው አይቆምም።

አራት ዓይነት ማጣሪያ

ብዙ ሰዎች የሚታጠብ ማጣሪያን ዛሬ የተፈጠረ አዲስ ጥበብ አድርገው ይመለከቱታል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በላንድሮቨርና በማሴ ፈርጉሰን ትራክተር ላይ የሠሩ ሽማግሌ ነጂዎች የሚያስታውሱት የዘይት ጽዋ ያለበት ማጣሪያ ነበረ። አየሩ ወደ ጽዋው ወርዶ በድንገት ሲታጠፍ፥ መታጠፍ ያልቻለው አቧራ በዘይቱ ውስጥ ይሰጥማል፤ የተረፈውም ዘይት በጠጣው የሽቦ ጥልፍልፍ ላይ ይያዛል። ዘይቱ ጭቃ ሲሆን ይደፋል፥ ጽዋው ይታጠባል፥ አዲስ ዘይት እስከ ምልክቱ ይሞላል። የሚጣል ነገር የለውም። በየገጠሩ እህል የሚፈጩ አሮጌ የናፍጣ ሞተሮች ዛሬም ይህንኑ ይዘው ይገኛሉ። ጉድለቱ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ድቃቂውን አቧራ በሚገባ አለመያዙ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ዓመታት የታጠፈው የወረቀት ማጣሪያ ተስፋፋ። ወረቀቱ ልዩ ወረቀት ነው፤ እጥፋቱ ቢዘረጋ ብዙ ስፋት ይኖረዋል። ደኅና የወረቀት ማጣሪያ በፈተና ላይ ከመቶ ክፍል አቧራ 99ኙንና ከዚያም በላይ ያስቀራል። የሚያስገርመውም ጥቂት አቧራ ከለበሰ በኋላ ከአዲስነቱ ይልቅ አጥርቶ መያዙ ነው፤ የተያዘው አቧራ ራሱ ሌላውን አቧራ ይይዛልና። ነገር ግን ሲሞላ ሞተሩን ያፍነዋል፤ ውኃ ሲነካው ያብጣል፤ ሲቀደድም አይጠገንም።

ሦስተኛው ዘይት የተቀባ የጥጥ ማጣሪያ ነው። በዚህ ስሙ የታወቀው ኬ ኤንድ ኤን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1969 በካሊፎርኒያ የተቋቋመ ሲሆን፥ አጀማመሩም ከሞተር ብስክሌት ስፖርት ጋር የተያያዘ ነው። ጥጡ አየር በቀላሉ ያሳልፋል፤ አቧራውን የሚይዘው የተቀባው ዘይት ነው። ሲቈሽሽ በልዩ ሳሙና ይታጠባል፥ በጥላ ይደርቃል፥ ዘይት ይቀባል፥ እንደ ገና ይገጠማል። አራተኛው የስፖንጅ ማጣሪያ ነው። ይህ በብዙ ሞተር ብስክሌቶችና በፎገራ ሜዳ ሽንኵርት በሚያጠጡት ትንንሽ የውኃ መሳቢያ ሞተሮች ላይ የምናየው ነው። እርሱም ታጥቦ ዘይት የሚቀባ ነው።

በጎሚስታው ደጃፍ

በመጽሐፍ ላይ ክርክሩ በሚታጠበውና በሚጣለው መካከል ነው። በመንገድ ላይ ግን ሌላ ነገር አየን። አንድ ቀን በደብረ ታቦር በአንድ ጎሚስታ ደጃፍ ቆመን ሳለ፥ ጠና ያለ የአይሱዙ ነጂ የወረቀት ማጣሪያውን አንጠልጥሎ መጣ።

«እስቲ ንፋው አንተ ልጅ፤ ለዛሬ ያድርሰኝ» አለ።

ወጣቱ ማጣሪያውን አገላብጦ ተመለከተና «ጋሼ፥ ባለፈው ሳምንትም ነፍቼዋለሁ። እጥፋቱ ሳስቷል፤ ይኸው እዚህ ጋ ተተርትሯል» አለው።

«አውቃለሁ ልጄ። የአዲሱ ዋጋ አይቀመስም። አንተ ብቻ ንፋው።»

ወጣቱም ጎማ በሚነፋበት ቱቦ ነፋው። አቧራው ቦነነ፤ ማጣሪያው ነጻ መሰለ፤ ነጂውም ሒሳቡን ከፍሎ አመስግኖ ሄደ። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ነገር ግን የጎማ መንፊያው ግፊት ለወረቀት እጅግ ብዙ ነው። ለከባድ መሣሪያ ማጣሪያዎች የሚሰጠው የታወቀ መመሪያ፥ መንፋት ግድ ከሆነ ግፊቱ ከ2 ባር እንዳይበልጥ፥ የሚነፋውም ከውስጥ ወደ ውጭ እንዲሆን ነው። ብዙ የማጣሪያ አምራቾች ደግሞ መንፋትን ጨርሶ አይመክሩም። ከግፊቱ የተነሣ በወረቀቱ ላይ ዓይን የማያየው ቀዳዳ ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ማጣሪያው የሚይዘው ትልቁን አቧራ ብቻ ነው። ድቃቂው፥ ማለት ሞተር የሚበላው፥ ያልፋል። «ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደ ተባለው፥ የአንድ ማጣሪያ ዋጋ ለማትረፍ ሞተር ይጣላል።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ የሚታጠበውን ገዝቶ የገጠመ አንድ የሚኒባስ ባለቤት አነጋገርን። ማጣሪያውን ከገጠመው ዓመት አልፎታል። ስንት ጊዜ እንዳጠበው ብንጠይቀው «ይኸማ የዕድሜ ልክ ነው ብለው የሸጡልኝ» ብሎ መለሰልን። አንድ ጊዜ ብቻ፥ ያውም በቤንዚን፥ አጥቦታል፤ ዘይት ግን አልቀባውም። ዘይት ያልተቀባ የጥጥ ማጣሪያ ከወንፊት ብዙ አይሻልም። ቤንዚንም ጥጡን ከያዘው ጎማ ጋር ይጣላል፤ ለእሳት አደጋም ያጋልጣል።

እንግዲህ እውነተኛው ነገር ይህ ነው። በእኛ አገር የሚጣለው አይጣልም፤ የሚታጠበውም አይታጠብም። ስለዚህ የሁለቱን ዕቃዎች ብልጫ በሌላ አገር ሚዛን መዝነን ብንፈርድ ፍርዳችን ይጣመማል። መመዘን የሚገባን ዕቃውን ከአያያዙ ጋር ነው።

ስሌቱ ምን ይላል?

ነገሩን በቍጥር እንየው። የምንሰጠው ቍጥር ለስሌት ምሳሌ ነው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። አንድ የወረቀት ማጣሪያ ዋጋው 1 ነው እንበል፤ የሚታጠበው የጥጥ ማጣሪያ ዋጋ ደግሞ 6 ይሁን። በጠጠር መንገድ የሚሠራ መኪና ወረቀቱን በየሁለት ወሩ ቢለውጥ በዓመት 6፥ በሦስት ዓመት 18 ይከፍላል። የሚታጠበውን የያዘው ደግሞ በየሁለት ወሩ ቢያጥብና የአንዱ ጊዜ ሳሙናና ዘይት የወረቀቱን ሩብ ዋጋ ቢፈጅ፥ በሦስት ዓመት 6ና 4 ተኩል፥ ማለት 10 ተኩል ይከፍላል። የሰባት ማጣሪያ ተኩል ዋጋ አተረፈ ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ሻጩ እውነት ተናግሯል።

ነገር ግን የታጠበ ጥጥ መድረቅ አለበት። በኮምፕሬሰር ወይም በእሳት ማድረቅ ያበላሸዋል፤ በጥላ መስቀል ነው ያለው። በደብረ ታቦር ብርድ፥ ይልቁንም በክረምት፥ ይህ ምን ያኽል እንደሚዘገይ ልብስ የሚያጥብ ሁሉ ያውቀዋል። መኪና ደግሞ ሥራ ፈትቶ አይጠብቅም። ስለዚህ ባለ መኪናው ሁለት ማጣሪያ መያዝ ይኖርበታል፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይሠራል። ያን ጊዜ ወጪው 12ና 4 ተኩል፥ በጠቅላላው 16 ተኩል ይሆናል። ከወረቀቱ 18 ጋር ሲተያይ ትርፉ የአንድ ማጣሪያ ተኩል ዋጋ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ወሬ የተወራለት ቍጠባ በደጋው ብርድ ተኖ ጠፋ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ በሌላው ሚዛን ላይ ያለውን እንይ። አንድ ማጣሪያ ከመለወጡ ወይም ከመታጠቡ በፊት የሚያገኘው አቧራ 1 ኪሎ ነው እንበል። ከመቶ 99 የሚያስቀረው 10 ግራም ያሳልፋል፤ ከመቶ 97 የሚያስቀረው ግን 30 ግራም ያሳልፋል። የ99ና የ97 ልዩነት ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ለሞተሩ ግን ሦስት እጥፍ አቧራ ነው። በሚገባ የተያዘ የጥጥ ማጣሪያ ለወረቀቱ ሊቀርብ ይችላል፤ ዘይቱ ሲያንስ ግን ልዩነቱ ይሰፋል። ዘይቱ ሲበዛ ደግሞ በአንዳንድ አዳዲስ መኪናዎች የአየሩን መጠን የሚለካውን ረቂቅ ሽቦ ያበላሻል።

«የሚታጠበው አየር በቀላሉ ስለሚያሳልፍ ነዳጅ ይቈጥባል» የሚለውም ወሬ መመርመር ይገባዋል። በአሜሪካ የሚገኘው የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት፥ በኮምፕዩተር በሚታዘዙ አዳዲስ የቤንዚን ሞተሮች ላይ የታፈነ ማጣሪያን በአዲስ መለወጥ የነዳጁን ፍጆታ ይህ ነው በሚባል መጠን አልቀነሰውም፤ የጨመረው የመኪናውን ጕልበት ነው። ካርቡራተር ባለበት አሮጌ መኪና ግን ከመቶ ከ2 እስከ 6 የሚደርስ የነዳጅ ልዩነት ታይቷል። እንግዲህ የታፈነና አዲስ ማጣሪያ እንኳ ይህን ያኽል ብቻ ከተለያዩ፥ በንጹሕ ወረቀትና በንጹሕ ጥጥ መካከል ትልቅ የነዳጅ ትርፍ መጠበቅ ከንቱ ተስፋ ነው።

ለየሥራው የየራሱ

ከላይ ካየነው ተነሥተን አሳባችንን በግልጽ እንናገራለን።

ጭነት ለሚጭነው አይሱዙ፥ ለሕዝብ ማመላለሻውና ለአምቡላንሱ፥ በአጭሩ በጠጠር ላይ ለሚውል የናፍጣ ሞተር ሁሉ፥ የሚሻለው ደኅናው የወረቀት ማጣሪያ ነው፤ ሲሞላም በእውነት መጣል አለበት። ሁለት ማጣሪያ በአንድ ላይ ባለበት መኪና ውስጠኛው ለጥበቃ የተቀመጠ ስለ ሆነ ከቶ አይነፋም፥ አይታጠብም። በማጣሪያው ቤት ሥር አቧራ የሚያራግፍ የጎማ አፍ ካለ በየማለዳው ጨመቅ ማድረግ ነው። ይህ አፍ ተቀዶ ወይም ወልቆ ከሆነ በቶሎ ይተካ፤ ዋጋው ትንሽ፥ ጥቅሙ ብዙ ነው።

ለሞተር ብስክሌት፥ ለውኃ መሳቢያ፥ እንዲሁም ፋብሪካው ስፖንጅ ለገጠመለት ባጃጅ መታጠብ ነውር የለውም፤ ሥራቱ ነውና። በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፤ ሳይጠመዘዝ ይጨመቅ፤ ሲደርቅ የሞተር ዘይት ይቀባ፤ የተረፈውም ዘይት ይጨመቅ። ይህን አንድ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ በአንድ ቀን ሊማረው ይችላል። የዘይት ጽዋ ላለው ወፍጮም ዱቄቱ እንደ ጭቃ ሳይረጋ ዘይቱ ይለወጥለት።

በከተማ ውስጥ በአስፋልት ላይ ብቻ ለሚሄድ የቤት አውቶሞቢል ግን ሁለቱም ይሆናሉ። ባለቤቱ ጊዜና ትዕግሥት ካለው፥ ትርፍ ማጣሪያም ከያዘ፥ የሚታጠበውን ቢመርጥ አንከለክለውም። ሥራ የሚበዛበት ሰው ከሆነ ግን ወረቀቱን ገዝቶ በጊዜው ቢጥለው ይሻለዋል።

አንድ ሰው «ማጣሪያው መሙላቱን በምን እናውቃለን?» ቢል መልሱ ከባድ አይደለም። በዓይን ማየት ያታልላል፤ የቈሸሸው ሁሉ የታፈነ አይደለም። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ በ«ዩ» ቅርጽ አጥፎ በጣውላ ላይ ማሰር፥ ውኃ መጨመር፥ አንዱን ጫፍ ከማጣሪያው በኋላ ባለው የአየር መንገድ ላይ ማገናኘት ነው። ሞተሩ በኀይል ሲሠራ ውኃው በአንዱ ወገን ይወጣል። ተርቦ ላለው ከባድ የናፍጣ ሞተር በሁለቱ ወገኖች ያለው የውኃ ልዩነት 62 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ የመለወጫው ጊዜ ነው። ያለ ጊዜው አይጣልም፤ ጊዜው ካለፈም በኋላ አይነፋም። እንዲሁም ከማጣሪያው ወዲያ ያለውን ቱቦ በነጭ ጨርቅ መጥረግ ነው፤ አቧራ ከተገኘበት ማጣሪያው ተቀዷል ወይም በጠርዙ በኩል ያሾልካል ማለት ነው።

የጋፋት ትምህርት

ከደብረ ታቦር ጥቂት ወጣ ብሎ ጋፋት ይገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ የእጅ ጥበብ ሰዎችን በዚያ አስቀምጠው፥ ከአገራችን ሠራተኞች ጋር ሆነው 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1859 ዓ.ም. አስቀልጠው አሠሩ። በ1860 ዓ.ም. ይህን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማድረስ መንገድ እየተጠረገ፥ ገደል እየተናደ፥ ከአምስት ወር በላይ ፈጅቷል። በዚህ ደጋ ላይ ለመንኰራኵር የሚሆን መንገድ ማውጣት ምን ያኽል ድካም እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን። ዛሬ መንኰራኵሩ ሞልቷል፤ መንገዱም በየቀበሌው ገብቷል። የጎደለን መንኰራኵሩን የማቈየት ልማድ ነው።

የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋሙን በጋፋት ስም መጥራቱ የሚያስመሰግን ነው። እንግዲህ የዚያ ተማሪዎችና የሙያ ትምህርት ቤት ልጆች ከላይ የተናገርነውን የውኃ መለኪያ ሠርተው በየጋራዡና በየጎሚስታው ቢያድሉ፥ የትኛውም ማጣሪያ በዚህ አቧራ ላይ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚቈይ መዝግበው ለባለ መኪናዎች ቢያስታውቁ፥ ሥራቸው ከስሙ ጋር የሚስማማ ይሆናል። የጭነት መኪና ባለቤቶችም በየማኅበራቸው ገንዘብ አዋጥተው ማጣሪያ በብዛት ከታመነ አስመጪ ቢገዙ ዋጋው ይቀልላቸዋል፤ ከአስመሳዩም ዕቃ ይድናሉ። መንገድ ሲዘጋና ዕቃ ሲጠፋ የሚወጣበት መጠባበቂያም ይኖራቸዋል። ይህን የምንለው በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቍጥር የዕቃው መጥፋት ምን ያኽል እንደሚያስቸግር ስለ ታየ ነው። የወረዳ መሥሪያ ቤቶችም የአምቡላንስ ማጣሪያ ሲገዙ ርካሹን ብቻ እንዳይመርጡ ማሳሰብ እንወዳለን። ከስማዳ ወይም ከእስቴ ምጥ የያዛትን ሴት ይዞ በሌሊት የሚወጣ አምቡላንስ በዳገቱ መካከል ትንፋሽ ቢያጥረው፥ ያን ጊዜ የሚጠፋው የማጣሪያ ዋጋ አይደለም።

ያንን የአይሱዙ ነጂ አንወቅሰውም። የአዲሱ ዋጋ አይቀመስም ያለው እውነቱን ነው። ነገር ግን በጎሚስታው ቱቦ በተነፋ ቍጥር የሚቀርለት የማጣሪያ ዋጋ ዕለቱን በእጁ ይታያል፤ ከሞተሩ የሚጐድለው ግን ዓመት ቈይቶ፥ ጭስ ሆኖ ነው የሚታየው። የሚጣለውን መጣል፥ የሚታጠበውንም ማጠብ ብንለምድ፥ የትኛውን እንግዛ የሚለው ጥያቄ ግማሹ ያን ጊዜ በራሱ ይመለሳል።